የጣፊያ ትልቅነት የጤንነቱ ማስረጃ አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሲክል ሴል የሚባለው፣ ቀይ የደም ሴሎችን የሚያበላሽ በዘር የሚወረስ በሽታ ስላለባቸው ልጆች ጣፊያ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ወላጆች ላኩልኝ። ሦስቱም የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «እውነት ነው? ፔኒሲሊኑን እናቁም?»

አታቁሙ። የቀረውን ባታነቡ እንኳ ይህችን ያዙልኝ።

ጽሑፉን ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው እንደሚሉት የጣፊያን ጤንነት ለማወቅ አልትራሳውንድ ብቻውን ይበቃል። ጣፊያው ትልቅ ሆኖ ከታየ እየሠራ ነው፣ እየሠራ ከሆነ ደግሞ ልጁ ከኢንፌክሽን እንዲጠብቀው በየቀኑ የሚሰጠው ፔኒሲሊን አያስፈልገውም። ጣፊያው አልታየም ከተባለ ስህተቱ የመርማሪው ነው። ጣፊያው ውስጥ እባጭ የሚመስል ነገር ከታየ በመርፌ ናሙና ይወሰድ። የኑክሌር ምርመራ፣ ማለትም ትንሽ ጨረር የሚያወጣ ነገር በደም ሥር ሰጥቶ ምስል ማንሣት፣ ለልጅ አደገኛ ስለሆነ ፈጽሞ አይደረግ። የልጁ ሆድ ድንገት ካበጠ መጀመሪያ አልትራሳውንድ ይነሣ። በመጨረሻም ከአምስት ዓመት በኋላ ጣፊያ ስለማይኖር ክትትሉ ይቅር።

እኔ የምተዳደረው የሕክምና ምስል በማንበብ ነው። አልትራሳውንድ ስለምወድ ጸሐፊው ማሽኑን ማመስገናቸው አላስከፋኝም። ያስደነገጠኝ ከምስሉ ላይ ምስሉ የማያውቀውን ነገር ማንበባቸው ነው። በዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም፤ የሚጎዱት ሕፃናት ናቸው።

«ትልቅ ከሆነ ይሠራል» የሚለው የጽሑፉ ምሰሶ ነው። ሌላው ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ስለሆነ እዚህ ትንሽ ልቆይ።

ጣፊያ በግራ በኩል ከጎድን አጥንቶች ሥር ያለ አካል ነው። የአዋቂ ሰው ጣፊያ 150 ግራም ገደማ ይመዝናል። ትንሽ ነው፣ ግን ልብ ከሚረጨው ደም 5 በመቶ ያህሉ በእሱ በኩል ያልፋል። ዋና ሥራው ማጣራት ነው። ያረጁና የተበላሹ ቀይ የደም ሴሎችን ይለቅማል፤ ደም ውስጥ የገቡ ባክቴሪያዎችን ይይዛል። ለዚህም ደሙን በጣም ጠባብ በሆኑ ስንጥቆች ያሾልከዋል። ቀይ የደም ሴል እንደ ልብ ካልተጣጠፈ በዚያ አያልፍም። ደሙ እዚያ ሲደርስ ዝግ ይላል፣ ኦክስጅኑም ያንሳል። ጤነኛ ሴል ይህን ተቋቁሞ ያልፋል። ለሲክል ሴል ግን ወጥመድ ነው፤ ኦክስጅን ሲያንስ በሴሉ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው የተለወጠ ሂሞግሎቢን፣ ሂሞግሎቢን ኤስ የሚባለው፣ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ሴሉ ይገተራል፣ እንደ ማጭድ ይቆለመማል፣ መንገዱንም ይዘጋል። ከተዘጋው በታች ያለው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞትና ጠባሳ ይሆናል። ይህ ሁሉ ልጁ አንዴም ሳያለቅስ፣ ቀስ በቀስ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ጣፊያው ለምን ያድጋል? ማለፍ ያቃታቸው ሴሎች እዚያው ስለሚታጨቁ ነው። የተደፈነ የውሃ ማጣሪያም እኮ ከአዲሱ ይልቅ ይከብዳል። ትልቅ መሆኑ የሚነግረን አንድ ነገር ውስጡ እንደተከማቸ ነው እንጂ ማጣሪያው እንደሚሠራ አይደለም።

ይህ ደግሞ አዲስ ግኝት አይደለም፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ሃዋርድ ፒርሰን እና ባልደረቦቹ፣ ጣፊያቸው በእጅ እስኪዳሰስ ያደገ የሲክል ሴል ሕመምተኛ ልጆችን መረመሩ። ትንሽ ጨረር የሚያወጡ ጥቃቅን ቅንጣቶችን በደም ሥራቸው ሰጧቸው። እነዚህን ቅንጣቶች ከደም የሚለቅሙት ጉበትና ጣፊያ ናቸው፤ የለቀመው አካል በምስሉ ላይ ይደምቃል። የልጆቹ ጉበት ደመቀ። ጣፊያው ያለበት ቦታ ግን ባዶ ሆኖ ወጣ። አስቡት፤ ሐኪሙ በእጁ የነካው አካል በምስሉ ላይ የለም። «ጣፊያው አለ፣ ሥራው የለም» የሚለው ሐሳብ ወደ ሕክምናው የገባው በዚህ መንገድ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በትንንሽ ልጆች ላይ ደም ከተሰጣቸው በኋላ ያው ጣፊያ ለጊዜው መልሶ መድመቅ እንደሚችል አሳዩ። ሥራው የሚጠፋው ሥጋው ሁሉ ከመሞቱ በፊት ነው ማለት ነው። መጀመሪያ ይታፈናል፣ ጠባሳው ኋላ ይመጣል። በዚያ በመካከል ባለው ጊዜ አልትራሳውንድ ብታደርጉለት የሚታየው ትልቅ፣ ወጥ፣ የሚያምር ጣፊያ ሊሆን ይችላል።

አልትራሳውንድ የሚነግረን ድምፅ ከምን ላይ ነጥሮ እንደተመለሰ ነው። ርዝመቱን፣ ቅርጹን፣ የውስጡን መልክ እናያለን። ለልጅ ዕድሜ የሚጠበቅ መጠንም አለ፤ የአንድ ዓመት ልጅ ጣፊያ ከ7 ሴንቲ ሜትር፣ የስድስት ዓመት ልጅ ከ9.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ አይበልጥም። ባክቴሪያ ሲያልፍ ይያዝ አይያዝ ግን ከዚህ መለኪያ አይወጣም። በዶፕለር የደም ፍሰቱን ብናይ እንኳ ደም መግባቱንና መውጣቱን እንጂ መጣራቱን አናውቅም።

እዚህ ላይ የእኛም የባለሙያዎቹ ጥፋት አለበት። ጣፊያው በመጠንም በመልክም ለዕድሜው የሚጠበቀው ሲሆን ሪፖርታችን ላይ «ጣፊያ፦ ጤነኛ» ብለን እናልፋለን። እኔ ራሴ ለዓመታት እንዲያ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ለእኔ ቃሉ «መጠኑና መልኩ ደህና ነው» ማለት ነበር። አንዲት እናት ያንን ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ «ልጄ ጣፊያው ድኗል ተብያለሁ» ስትለኝ ነው ምን እንደጻፍኩ የገባኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለሲክል ሴል ሕመምተኛ «መጠኑ ለዕድሜው የሚጠበቀው ነው፤ ይህ ምርመራ የጣፊያውን ሥራ አይለካም» ብዬ ነው የምጽፈው። አንድ መስመር ትጨምራለች፣ ሌላ ኪሳራ የላትም። የጽሑፉ ጸሐፊም እንዲህ ዓይነት ሪፖርት አንብበው ተሳስተው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ክፉ አስበው ጻፉ አልልም።

ሁለተኛው ነጥብ ከመጀመሪያው በቀጥታ የሚመጣ ነው፤ «ጣፊያው ደህና ከታየ ፔኒሲሊኑ አያስፈልግም።» በጽሑፉ ውስጥ ከሁሉም አደገኛው ቃል ይህ ነው።

ጣፊያ ሲዳከም ቀድሞ የሚጠቀመው ኒሞኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። በዙሪያው ሽፋን ስላለው ሌላው የሰውነት መከላከያ በቀላሉ አይጨብጠውም፤ ጣፊያ ግን ያውቅበታል። ጣፊያ በሌለበት ይህ ባክቴሪያ ደም ውስጥ በፍጥነት ይረባል። ጠዋት ትንሽ ያተኮሰው ልጅ ማታ በሞት አፋፍ ላይ ሊሆን ይችላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 የታተመ ጥናት በ215 የሲክል ሴል ሕመምተኛ ሕፃናት ላይ ፔኒሲሊንን ፈተነ። ለአንዱ ወገን በቀን ሁለት ጊዜ ፔኒሲሊን፣ ለሌላው መድኃኒት የሌለው አምሳያ ተሰጠ። ፔኒሲሊን በወሰዱት ላይ ከባድ የኒሞኮከስ ኢንፌክሽን በ84 በመቶ ቀነሰ። አምሳያውን ይወስዱ ከነበሩት ሦስት ልጆች በዚሁ ኢንፌክሽን ሞቱ፤ ፔኒሲሊን ከወሰዱት አንድም አልሞተም። ልዩነቱ ግልጽ ስለነበር ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ 8 ወር ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ፤ ሌሎቹ ሕፃናትም መድኃኒቱን ማግኘት ነበረባቸው።

አሁን ልብ በሉ። እነዚያ ልጆች ጥናቱ ውስጥ የገቡት ጣፊያቸው በአልትራሳውንድ ታይቶ አይደለም። ሲክል ሴል ስላለባቸው ብቻ ነው። ዛሬም ፔኒሲሊን የሚጀመረው በደም ምርመራ ሂሞግሎቢን ኤስኤስ (ኤስ ከሁለቱም ወላጆች የተወረሰበት ዓይነት) መሆኑ ሲረጋገጥ፣ በመጀመሪያዎቹ የሕይወት ወራት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከማሕፀን ይዞት የመጣው የፅንስ ሂሞግሎቢን ሕፃኑን ጥቂት ወራት ይጠብቀዋል። እሱ ሲቀንስ ጣፊያው መታፈን ይጀምራል፤ አንዳንዱ ላይ ገና በስድስት ወሩ። ሃይድሮክሲዩሪያ በሚባለው የሲክል ሴል መድኃኒት ላይ የተደረገው ቤቢ ሀግ የተባለው ጥናት ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 18 ወር የሆኑ ሕፃናትን ሲመለምል የጣፊያቸውን ሥራ በኑክሌር ምስል ለክቶ ነበር። ገና መድኃኒቱን ሳይጀምሩ የአብዛኞቹ ጣፊያ ሥራ ቀንሶ ተገኘ። ገና በእግራቸው መሄድ በሚማሩበት ዕድሜ ያሉ ልጆች ናቸው እኮ።

ስለዚህ ምስል አይቶ ፔኒሲሊን ማቆም ትርጉም የለውም። መቼ ይቁም የሚለው በእርግጥ የሚነሣ ጥያቄ ነው። በብዙ መመሪያዎች ቢያንስ እስከ አምስት ዓመት ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ መቀጠሉ ልጁ ከዚህ በፊት ከባድ ኢንፌክሽን ይዞት እንደሆነ፣ ጣፊያው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ እንደሆነ፣ ክትባቶቹን ጨርሶ እንደሆነ ታይቶ ይወሰናል። ዕድሜ ልክ ይሰጥ የሚሉም አሉ። ይህ ከሚከታተለው ሐኪም ጋር የሚደረግ ንግግር ነው። ክትባቱና ፔኒሲሊኑም አንዱ ሌላውን አይተካም። ትኩሳት 38.5 ዲግሪ ከደረሰ ደግሞ ፔኒሲሊን እየወሰደም ቢሆን፣ ጣፊያው ትናንት በአልትራሳውንድ ቢያምርም ባያምርም፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና ነው።

«ጣፊያ አልታየም የሚል ሪፖርት ከመጣ መርማሪውን ቀይሩ» ለሚለው ረጅም መልስ አያስፈልገውም። የአንድ ሂሞግሎቢን ኤስኤስ ያለበት ወጣት ጣፊያ ካልታየ አብዛኛውን ጊዜ መርማሪው ልክ ነው። ደጋግሞ የተዘጋው ጣፊያ ይጨማደዳል፣ ይጠነክራል፣ ካልሲየም ይቋጥራል። መጨረሻ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ይቀራል፤ በአልትራሳውንድ ነጭ ሆኖ ከበስተጀርባው ጥላ ይጥላል፣ ወይም በአንጀት አየርና በጎድን አጥንት ተሸፍኖ ጭራሽ አይገኝም። በተራ የደረት ወይም የሆድ ራጅ ላይ እንኳ በግራ በኩል እንደ ጠጠር ነጭ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አለ። ሲቲ ስካን በግልጽ ያሳየዋል፤ ግን ይህን ለማየት ብቻ ልጅን ለሲቲ ጨረር ማጋለጥ ተገቢ አይደለም። አንድ ነገር ልጨምር። ለአጥንት ተብሎ በሚነሣ የኑክሌር ምስል ላይ ይህ የደረቀ ጣፊያ ሳይጠበቅ ደምቆ ይወጣል፤ ሥራ ጀምሮ አይደለም፣ ለአጥንት የተሰጠው ንጥረ ነገር ወደ ካልሲየም ስለሚሄድ ነው። የሕመምተኛውን ታሪክ የማያውቅ አንባቢ ይደነግጣል።

ወደ «እባጩ» ልምጣ። ጸሐፊው በጣፊያ ውስጥ ክብ ነገር ከታየ ካንሰር ወይም መግል ሊሆን ስለሚችል ወዲያው በመርፌ ናሙና ይወሰድ ይላሉ። ሐሳቡ ከጥንቃቄ የመነጨ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሲክል ሴል ላይ ከጥንቃቄ ይልቅ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

በጠባሳና በካልሲየም በተሞላ ጣፊያ ውስጥ አንዳንዴ ከጥፋቱ የተረፉ ደሴቶች ይኖራሉ። ክብ ክብ ናቸው። በአልትራሳውንድ ዙሪያቸው ነጭ፣ እነሱ ጠቆር ያሉ ናቸው፤ በሲቲም ካልሲየም በያዘው ሥጋ መካከል እንደ ዕጢ ወይም እንደ መግል ጉድጓድ ይመስላሉ። በእርግጥ ግን የቀሩት ጤነኛ የጣፊያ ክፍሎች ናቸው። በኤምአርአይ እንደ ጤነኛ ጣፊያ ሥጋ ይታያሉ፤ በኑክሌር ምስል ደግሞ ቅንጣቶቹን ለቅመው ይደምቃሉ። ይህ በራዲዮሎጂ መጻሕፍት ውስጥ የታወቀ ነገር ነው። ባለሙያው የሲክል ሴል ታሪክ ካልተነገረው ግን አያስበውም። የምርመራ መጠየቂያው ላይ «የሆድ ሕመም» ተብሎ ብቻ ከመጣ እኔም ልሳሳት እችላለሁ። ለዚህ ነው ሐኪሞችን የምለምነው፤ ሲክል ሴል መሆኑን፣ ዓይነቱን፣ ደም ይወስድ እንደሆነ፣ ሃይድሮክሲዩሪያ ላይ እንደሆነ ጻፉልን። ደም መውሰዱን ማወቅ ለብቻው ይጠቅማል፤ ደጋግሞ ደም የወሰደ ሰው ብረት በጉበቱና በጣፊያው ይከማቻል፣ በኤምአርአይ ላይም ጣፊያው ጥቁር ይሆናል። ይህን የማያውቅ አንባቢ ሌላ በሽታ ይፈልጋል።

መግል አይኖርም እያልኩ አይደለም። የሞተ የጣፊያ ሥጋ በባክቴሪያ ሊመረዝ ይችላል፤ ሳልሞኔላ ለሲክል ሴል ሕመምተኞች የታወቀ ጠላት ነው። ትኩሳት ያለው፣ ግራ ጎኑን የሚያመው፣ የደም ምርመራው ኢንፌክሽን የሚያሳይ ሰው ላይ ያው ክብ ነገር በጣም ያሳስበኛል፣ በፍጥነትም መታከም አለበት። በአጋጣሚ የተገኘ፣ ምንም ሕመም የሌለው፣ በደረቀ ጣፊያ መካከል የተቀመጠ ደሴት ግን መጀመሪያ ከድሮ ምስሎች ጋር ይነጻጸር፣ ካስፈለገ ኤምአርአይ ይጨመርበት። ጣፊያን በመርፌ መውጋት ደም የማፍሰስ አደጋ አለው፤ አንድ ሰው የቀረችውን ትንሽ ጤነኛ ጣፊያ ለመውጋት መቸኮል የለበትም።

የኑክሌር ምርመራን በተመለከተ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ለእያንዳንዱ ልጅ በየዓመቱ ይነሣ የሚል መመሪያ የለም፣ እኔም አልልም። በሁሉም ቦታ የማይገኝ መሣሪያ ይጠይቃል፣ ለሕፃን መርፌና ፀጥ ብሎ መተኛት ይጠይቃል፣ ውጤቱም ብዙውን ጊዜ ሕክምናውን አይቀይርም፤ ያለ ምስሉም ልጁን ጣፊያ እንደሌለው ቆጥረን እንጠብቀዋለንና። «ለልጅ አደገኛ ነው» የሚለው ግን ትክክል አይደለም። የሚሰጠው ቴክኒሺየም-99ኤም በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ በማግስቱ ከሰውነት ውስጥ ሊጠፋ የተቃረበ ነው። የሚደርሰው የጨረር መጠን ከአንድ የሆድ ሲቲ ስካን ያነሰ ነው። የጣፊያን ሥራ በቀጥታ በምስል የሚያሳየንም እሱ ነው። አዲስ መድኃኒት ጣፊያን ያድን አያድን ሲጠና፣ ወይም የክብ ነገሩ ማንነት ሲያጠራጥር ቦታ አለው። ሕመምተኛው መቅኒ ንቅለ ተከላ ካደረገ በኋላ የጠፋው ጣፊያ መልሶ መድመቁ የታወቀውም በዚሁ ምስል ነው።

ጸሐፊው ሳይጠቅሱት ያለፉት ሌላ መንገድም አለ፤ ጨረርም ማሽንም የማይፈልግ። ጣፊያ ሲሠራ ቀይ የደም ሴሎች ውስጥ የቀሩ ፍርፋሪዎችን ይነቅላል። ሥራ ሲያቆም እነዚያ ፍርፋሪዎች ደም ውስጥ ይቀራሉ፤ ሃውል-ጆሊ ይባላሉ፣ በተራ ማይክሮስኮፕ ይታያሉ። በልዩ ማይክሮስኮፕ ደግሞ የሴሎቹ ገጽ ላይ ያሉ ትንንሽ ጎድጓዳ ምልክቶች ይቆጠራሉ። ስለ ጣፊያ ሥራ ከአንድ የአልትራሳውንድ ርዝመት ይልቅ አንድ ጠብታ ደም የበለጠ ሊነግረን ይችላል። ምስል አንባቢ ሆኜ ይህን ማለት አያሳፍረኝም።

አሁን ልቤን ወዳስጨነቀው አንቀጽ። ጸሐፊው «የልጁ ሆድ በግራ በኩል ድንገት ካበጠ መጀመሪያ አልትራሳውንድ አስነሥታችሁ ውጤቱን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ» ብለዋል።

እባካችሁ፣ ይህን አታድርጉ። አስቸኳይ ነው።

በትንንሽ ልጆች ላይ ብዙ ደም በሰዓታት ውስጥ ጣፊያ ውስጥ ሊታጎር ይችላል። ጣፊያው በፍጥነት ያድጋል፤ በቀሪው ሰውነት የሚዘዋወረው ደም ያንሳል። ሐኪሞች የሚያውቁት ሂሞግሎቢኑ ከወትሮው ቢያንስ በ2 ግራም በዴሲሊትር ሲወርድና ጣፊያው ሲያብጥ ነው። ልጁ ይገረጣል፣ ይደክማል፣ ልቡ ይፈጥናል፣ ይጠማዋል፣ ሆዱ ይነፋል። ደም ካልተሰጠው ሊሞት ይችላል፣ ያውም በዚያው ቀን። ከዚህ የተረፉት ልጆች ግማሽ ያህሉ ላይ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ታዲያ ለአልትራሳውንድ ወረፋ የሚጠበቅበት ጊዜ የቱ ነው? ሐኪሙ ይህን በእጁና በደም ምርመራ ነው የሚለየው። ደሙንም በትንሽ በትንሹ በጥንቃቄ ይሰጣል፤ ጣፊያ ውስጥ የታጎረው ደም ሲመለስ የተሰጠው ላይ ተደምሮ ደሙ እንዳይወፍር። አልትራሳውንድ ከፈለገ አልጋው ጎን ያስነሣል፣ ሕክምናው ግን አይጠብቀውም።

እዚህ ላይ ከማሽን የሚበልጥ ነገር አለ፤ የወላጅ እጅ። በጃማይካ ሐኪሞች ወላጆችን የልጃቸውን ጣፊያ እንዲዳስሱ አሠለጠኑ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 ውጤቱን አሳተሙ። ከሥልጠናው በኋላ የተመዘገበው የደም መታጎር ጥቃት ቁጥር ጨመረ፤ ቀድሞ ሳይታወቅ ያልፍ የነበረው ስለታወቀ ነው። በጥቃቱ የሚሞቱት ልጆች ግን እጅግ ቀነሱ። ምንም ማሽን አልተገዛም። እናትና አባት ልጁን በጀርባው አስተኝተው፣ ጣቶቻቸውን በግራ የጎድን አጥንት ጠርዝ ሥር አድርገው፣ ልጁ ሲተነፍስ የሚመጣውን ጫፍ መንካት ተማሩ። ልጁ ደህና ሳለ ደጋግማችሁ ከነካችሁት የወትሮውን ታውቁታላችሁ። ወትሮ የማይነካው ዛሬ ከተነካ፣ ወይም ሁለት ጣት የነበረው አራት ጣት ከሆነ፣ በተለይ ልጁ ከገረጣ፣ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል። አዳሰሱን ሐኪማችሁ ወይም ነርሷ ያሳዩዋችሁ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የመጨረሻው ነጥብ «ከአምስት ዓመት በኋላ ጣፊያ ስለማይኖር መከታተል አያስፈልግም» የሚለው ነው። ከላይ ደግሞ አልታየም ከተባለ መርማሪው ተሳስቷል ብለው ነበር፤ ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ለማንኛውም ሂሞግሎቢን ኤስኤስ ላለባቸው ብዙ ልጆች ጣፊያው በዚያ ዕድሜ ሥራውን እንዳቆመ እውነት ነው። ግን ሲክል ሴል አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ሂሞግሎቢን ኤስሲ ያለባቸው (ኤስን ከአንዱ ወላጅ፣ ሲ የተባለውን ሌላ ዓይነት ከሌላው የወረሱ)፣ ወይም ኤስ ቤታ ታላሲሚያ ከሚባለው ሌላ የሚወረስ የሂሞግሎቢን በሽታ ቀላል ዓይነት ጋር ያለባቸው ሰዎች ጣፊያቸው እስከ ጉልምስና ድረስ ትልቅ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። እነዚህ ሰዎች በሃያና በሠላሳ ዓመታቸውም የጣፊያ ደም መታጎር ሊይዛቸው ይችላል። ከባሕር ወለል በጣም ከፍ ወዳለ ቦታ ሲወጡ ወይም ኦክስጅን ሲያንሳቸው የጣፊያቸው አንድ ክፍል ድንገት ደም ሊያጣ ይችላል፤ በሲቲ ላይ ሰፊው ጎኑ ወደ ውጭ የዞረ ሽብልቅ ሆኖ ይታያል፣ ግራ ጎናቸውንም አጥብቆ ያማቸዋል። ኤስኤስ ኖሮባቸው በሃይድሮክሲዩሪያ ወይም በተከታታይ ደም የሚታከሙ ልጆችም ጣፊያቸው ከተለመደው ዕድሜ አልፎ ሊቆይ ይችላል። ይህ ጥሩ ነው፤ ግን የደም መታጎሩም አደጋ አብሮ ይቆያል። የስምንት ዓመት ልጅ ነው፣ አይይዘውም ብላችሁ እንዳትዘናጉ።

ጣፊያው ከጠፋም በኋላ ቢሆን ክትትሉ የሚቀርበት ምክንያት አይታየኝም። የሐሞት ጠጠር በእነዚህ ልጆች ላይ በብዛት ይመጣል፤ አልትራሳውንድ እሱን በማየት የሚያህለው የለም። ኩላሊቱንም ጉበቱንም በዚያው አጋጣሚ ያያል። ጸሐፊው አልትራሳውንድ ጨረር የለውም፣ አያምም፣ ሊደጋገም ይችላል ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ በዚህ በኩል እጅ ለእጅ እንያያዛለን። የጣፊያን መጠን ዛሬ ለክቶ ከስድስት ወር በፊት ከነበረው ጋር ማነጻጸርም ጥሩ ሥራ ነው። የማሽኑ ቦታ ይህ ነው።

ጽሑፉን ከላኩልኝ ሦስት ወላጆች አንዷ መልሴ ከመድረሱ በፊት አቋርጣ ነበር። አሥራ አንድ ቀን። ልጇ የሁለት ዓመት ከአራት ወር ነው፣ ኤስኤስ ነው፣ በአልትራሳውንድ ጣፊያው ትልቅና መልከ መልካም ነው። ትናንት ማታ ደውላ ሐኪሙን እንዳነጋገረችና ፔኒሲሊኑን መልሳ እንደጀመረች ነገረችኝ። ጣፊያውን እንዴት እንደምትዳስስም ጠየቀችኝ። ነገ ልጁን ይዛ ትመጣለች፤ እጇን ይዤ አሳያታለሁ።